በአራት ዓርብ የተገዛ አሥር ቀን

ኮሂኑር አፓ ኮሌታ ትሰፋለች፣ እኔ እጅጌ እገጥማለሁ። ጋዚፑር ያለው ሸሚዝ ፋብሪካችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማሽኖቻችን ጎን ለጎን ናቸው፤ ማታ የምንገባበት የኪራይ ክፍልም አንድ ነው። የመጣነውም ከአንድ ቦታ ነው፤ ብራህማፑትራ መሀል ካለች፣ ወንዙ በደለል ሠርቷት ሲያሰኘው ደግሞ ከዳር ከዳር ከሚቆርሳት ደሴት። በአሥራ አንድ ዓመት ስለምትበልጠኝ አፓ እላታለሁ፣ ታላቅ እህቴ ለማለት። እሷ ግን ሞይና ብላ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ለእሷ "አንቺ ልጅ" ነኝ።

እናቷ የደወሉት በጥር፣ ልብስ አጥበን ስናሰጣ በነበረበት የዓርብ ጠዋት ነው። አገር ቤት ሰው ሁሉ በወንድ ልጃቸው ስም የላልቻን እናት ይላቸዋል፤ የገዛ ስማቸውን የሚያውቀው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። የኮሂኑር አፓን ሁለት ልጆች የሚያሳድጉትም እሳቸው ናቸው። ባሏ ባሕር ማዶ ሄዶ ሌላ ትዳር ይዟል ይባላል፤ እሷ አትጠይቅም፣ እኛም አንጠይቃት።

"ኮሂኑር፣ ከበራችን እስከ ወንዙ ገደል ስንት እርምጃ ነበር?" አሉ የላልቻን እናት።

"ባለፈው ዒድ ስመጣ ሰማንያ ነበር።"

"አሁን ሠላሳ አንድ ነው። በእኔ አጭር እግር ተለክቶ።"

"መቼ ነው እንዲህ የሆነው?"

"ባለፈው ዝናብ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘና ነገርሽኝ?"

"ዛሬማ ጭንቀቱን ብቻዬን ስይዘው ሰለቸኝ።"

ኮሂኑር አፓ ስልኩን ዘጋች። አላለቀሰችም፤ አልተቀመጠችምም። እጇን በሻሽዋ ጫፍ አበሰችና ፋርማሲው በነጻ የሰጠንን ካላንደር ከግድግዳው ላይ አውርዳ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ከኪሷ የስፌት ጠመኔ አወጣች።

"ነይማ አንቺ ልጅ። መቁጠር ትችያለሽ አይደል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ አገር ቤት ከቆርቆሮና ከቀርከሃ የሚሠራ ነው፤ ወንዝ ሲመጣ ነቅለው ይሄዳሉ። አያቶቻችን ስድስት ሰባት ጊዜ ነቅለዋል። ግን የሚነቅል እጅ ያስፈልጋል፤ እጁ ደግሞ አገር ቤት የለም። ወንዱ ጡብ ማቃጠያ ነው፣ ሪክሾ ላይ ነው፣ ሕንፃ ላይ ነው፤ ሴቱ እዚህ ማሽን ላይ ነው። ደሴቷ በሰው የምትሞላው በዒድ ብቻ ነው። የመሥዋዕቱ ዒድ የሚውለው በሰኔ ነው፤ ያኔ ወንዙ ሞልቶ ጥርሱን አውጥቷል። ስለዚህ ያለው ዕድል የጾም ፍቺው ዒድ ነው፣ አንድ ብቻ።

"ቤቱን ለመንቀል አንድ ቀን" አለች በጠመኔው እየነካች። "ለመሸከም አንድ፣ ለመትከል አንድ። አዲስ የአፈር መደብ ለመደልደል ሦስት ቀን። መሄጃ ሁለት፣ መመለሻ ሁለት። ስንት ሆነ?"

"አሥር።"

"ፋብሪካው የሚሰጠን ስንት ነው?"

"ሦስት።"

"ሰባት ጎደለና" አለች፣ ለወጥ ሁለት ሽንኩርት የጎደላት ይመስል።

ከዚያ ካላንደሩ ላይ ጎንበስ ብላ ቀረች። ሩዙ ሲያር እኔ ነኝ ያወረድኩት። ቀና ስትል ፊቷ ሁሉ በርቶ ነበር። ዒዱ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው የሚውለው፤ ጨረቃ እንደምትታይበት ቀን። የፋብሪካው ሦስት ቀን እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ረቡዕ የነጻነት ቀን ነው፣ አገር ሁሉ ይዘጋል። ሁለት ዓርቦች በመሀል አሉ፣ የሳምንት ዕረፍታችን። ስለዚህ ከረቡዕ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ድረስ ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ የሥራ ቀን የሚባሉት አራት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ሌላው ረቡዕና ሌላው ሐሙስ።

"አራት ቀን ነው የምንፈልገው" አለች። "ከዚያ በፊት ካሉት ዓርቦች ደግሞ የመጨረሻዎቹ አራቱ ይበቁናል። አራቱን ዓርብ ገብተን እንሠራለን፣ አራቱን ቀን ይሰጡናል። ጥርት ያለ ገበያ!"

"ሦስቱ ዓርብ ጾም ውስጥ ነው አፓ።"

"ሆድሽ ባዶ ሲሆን መርፌው ይቆማል እንዴ?"

እሷ የሠራተኞች ኮሚቴ አባል ናት፤ ሁለት ጊዜ የመረጥናት ስለማትጮህ ነው። በየካቲት መጀመሪያ ሐሳቡን በምሳ ሰዓት ለየመስመሩ ተወካዮች አቀረበች። ሩቅ አገር ያላቸው ገና ሳትጨርስ አጨበጨቡ። ያልተጨበጨበው ከአንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ ከጁሌኻ ጥግ። ጁሌኻ የሸሚዝ ቁልፍ ተካይ ናት፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ስትናገር የማሽን ድምፅ የሚያንሳት፣ የጋዚፑር ተወላጅ።

"እኔ ዓርቤን ለማንም አልሰጥም" አለች። "ቤቴ ከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ወንዝ አልሻገርም፣ አውቶቡስ ጣራ ላይ አልንጠለጠልም። ለእናንተ መንገድ ብዬ በጾም ወገቤን ልስበር?"

"ልክ ነሽ" አለች ኮሂኑር አፓ።

ጁሌኻ ለጠብ ተዘጋጅታ ስለነበር ይህ አልጣማትም። "ልክ ከሆንኩ ነገሩ አለቀ!"

"አለቀ። ብቻ ጁሌኻ፣ የልጅሽ ሠርግ መቼ ነው?"

"ሠርጌን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?"

"ልጠይቅሽ እንጂ።"

"ከዒዱ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው።"

"ሐሙስ ሥራ ነው እኮ።"

"ፈቃድ እጠይቃለሁ!"

"ለሐሙስ ትጠይቂያለሽ። ለረቡዕስ? ፍየሉ ታርዶ፣ ሩዙ ተለቅሞ፣ ሙሽራዋ ሂና የምትቀባው ረቡዕ ነው። ለዋዜማውስ ማንን ልትልኪ ነው፣ አለቃችንን አቶ ቶፋዛልን?"

ጁሌኻ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ከኋላ አንዷ "ቁልፉ ተተከለ!" ስትል ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ጁሌኻም ላለመሣቅ ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና አልሆነላትም።

"አንቺ ሴት ሰይጣን ነሽ" አለች። "አራት ዓርብ ብለሻል። አምስተኛ ዓርብ ቢጠሩን ግን መጥቼ ያን ኮሌታሽን አንቺው አንገት ላይ ነው የምሰፋው።"

አቶ ቶፋዛል የምርት ኃላፊያችን ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከሸሚዝ ሌላ ግን ነገር አይታያቸውም። ኮሂኑር አፓ እኔን ደብዳቤ አስይዛ ቢሯቸው ገባች፤ ጽሑፌ ከእሷ ስለሚሻል እኔ ነበርኩ የጻፍኩት።

"አሥር ቀን?" አሉ ደብዳቤውን እንደ ትኩስ ነገር ጠረጴዛ ላይ ጥለው። "አሥር ቀን ፋብሪካ ዘግቼ ለገዢው ምን ልበለው? ኮሂኑር ቤት ልታዛውር ሄዳለች?"

"ለገዢው ምን እንደሚሉ አላውቅም ጌታዬ። አምና ምን እንደሆነ ግን አስታውሳለሁ። ሦስት ቀን ነበር የሰጡን። በአራተኛው ቀን በሩ ሲከፈት በእኛ መስመር ካሉት ሠላሳ ሁለት ማሽኖች ስንቱ ላይ ሰው ነበር?"

ደብዳቤውን መልሰው አነሡ።

"አሥራ ዘጠኙ ላይ። ሌላው አውቶቡስ አጥቶ መንገድ ላይ ነበር። ሁላችንም ሞልተን የተቀመጥነው በሳምንቱ ነው። እጅጌ ገጣሚዋ ከሌለች እኔ ብመጣ ባልመጣ ምን ዋጋ አለው? እርስዎ እኮ ቀኑን ድሮም እየሰጡን ነው፤ ዓርቡን ሳይቀበሉን፣ በነጻ።"

አቶ ቶፋዛል መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህን ማን አስተማረሽ?"

"አምና የቆመው ማሽን።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ኮሂኑር። የበዓል ዕቅድ እንዲሁ ነው።"

"ለዚህ ነው ከአሁኑ ቆሜ የምታጠቀው ጌታዬ።"

ሦስት ቀን አሰቡበት። በአራተኛው ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጠፈ፤ አራቱ ዓርቦች በቀናቸው ተዘርዝረው፣ አሥሩ ቀን ተጽፎ፣ ከታች አንድ መስመር ተጨምሮበት፦ *ጭነቱ ከነጻነት ቀን በፊት ባለው ማክሰኞ ካለቀ*። ኮሂኑር አፓ ያቺን "ካለቀ" የምትል ቃል በጣቷ መታ መታ አድርጋት "ያልቃል" አለች።

የመጀመሪያው ዓርብ ቀላል ነበር። ሁለተኛው ጾም የገባበት ነው፤ እሱም አለፈ። ሦስተኛው ግን ሙቀቱ ከጣራው ቆርቆሮ ላይ እየተንጠባጠበ የሚወርድ ይመስል ነበር። ከቀትር በኋላ አምስተኛው መስመር ላይ አንዲት ልጅ አዙሯት ወደቀች። ስትነሣ ጉርምርምታው ጀመረ፤ አንዷ ድምፅዋን ሳትቀንስ "ይህ ሁሉ መከራ ለእሷ ቤት ነው" አለች።

ኮሂኑር አፓ ማሽኗን አጥፍታ ተነሣች።

"አዎ፣ ለእኔ ቤት ነው" አለች። "ከወንዙ ሠላሳ አንድ እርምጃ ላይ ያለ ቤት ነው፣ ሁለት ልጆቼ የሚተኙበት። ለእኔ ብቻ ከሆነ ግን አሁኑኑ ንገሩኝ፤ ሄጄ ማስታወቂያውን አስነሣዋለሁ። አንቺስ፣ ለምን ነው የምትሄጂው?"

የተጠየቀችው ልጅ አፈረች። "አባቴ ዓይኑን ሊያዩለት ነው፤ ሐኪም ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ።"

ሌላዋ ልጇ ሊገረዝላት ነው፤ አንዷ የወንድሟን መቃብር ገና አላየችም። አንዷ ደግሞ "እኔ ለመተኛት ነው" አለች፤ "አሥሩንም ቀን፣ ለምግብ ብቻ እየቀሰቀሱኝ።" ሣቁ ከዚያ ነው የመጣው። የወደቀችው ልጅ ራሷ ውሃ የነካ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር። ማስታወቂያውን ማንም አስነሺው አላላትም።

አራተኛው ዓርብ አለቀ። እሑድ ዕለት ከአሥራ ሁለት ሺህ ሸሚዝ ላይ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቁልፉ። ቁልፉ ከወደብ ዘግይቶ ሰኞ ይደርሳል ተባለ፤ ሰኞ አልደረሰም። ማክሰኞ ቀትር ላይ ካርቶኖቹ ሲራገፉ አቶ ቶፋዛል ድምፅ ማጉያውን አነሡ፦ "ሐሙስ ሁሉም ሠራተኛ ይገባል።"

ጩኸቱ እስከ ዋናው መንገድ ተሰምቷል። አንዱ ወንበር ገለበጠ። ሐሙስን ሠርተን ብንነሣ ቅዳሜ ነው አገር የምንገባው፤ ሁለት ቀን ከመደቡ ሥራ ላይ ተቆርሶ ሄደ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ወደ ኮሂኑር አፓ አየ። እሷ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራ የፈታ እጇን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ካላንደሯ ውስጥ ሁሉም ነገር ነበር፤ ጨረቃ ነበረች፣ ድልድይ ላይ የሚቆመው አውቶቡስ ነበር፤ ቁልፍ ግን አልነበረም።

ያኔ ነው ጁሌኻ ከታች ፎቅ እያለከለከች የመጣችው።

"ቁልፍ የማን ሥራ ነው?" አለች መሀል ቆማ።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

"ጠየቅሁ እኮ! እጅጌ ገጣሚ ነው ቁልፍ የሚተክለው? ኮሌታ ሰፊ ነው?" ወደ አቶ ቶፋዛል ዞረች። "ጌታዬ፣ የቀረው ቁልፍ፣ ካውያና ካርቶን ነው። ከዚሁ ከጋዚፑር የሆንን መቶ አርባ ሰዎች አለን። ሐሙስ እኛ እንገባለን። በምትኩ ከበዓሉ በኋላ ያለው ቅዳሜ የእኛ ነው፤ ከሠርግ ማግስት ወገቤ አይነሣም። እነዚህን መንገደኞች ግን ይልቀቋቸው፤ ፊታቸውን አይተዋል አይደል፣ ዛሬ ቢይዟቸው ሐሙስ የሚተክሉት ቁልፍ ጀርባ ላይ ነው የሚሆነው።"

አቶ ቶፋዛል ካርቶኖቹን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። "መቶ አርባ ከጎደለ—"

"አይጎድልም። እኔ ነኝ የምቆጥራቸው።"

ኮሂኑር አፓ ተነሥታ ልትናገር ስትል ጁሌኻ እጇን አወናጨፈች። "ዝም በይ። አንቺ ቤትሽን አውጪ፣ እኔ ልጄን አወጣለሁ። ሂጂ!"

ረቡዕ ሲነጋ ተሳፈርን። ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም፤ የሄደበት ያውቀዋል። ከጃሙና ድልድይ በፊት ዘጠኝ ሰዓት ቆመናል። ጾማችንን አውቶቡስ መስኮት ላይ በቴምርና በፈነዳ ሩዝ ፈታን፤ ሹፌሩም ከእኛው ላይ ቆነጠረ። ሐሙስ ቀትር ላይ ጀልባዋ ደሴቷ አሸዋ ላይ ስትቀመጥ የኮሂኑር አፓ ልጆች እስከ ወገባቸው ውሃ ገብተው ነበር የጠበቋት።

እሷ ልጆቿን አቀፈችና በአንድ እጇ አንዱን፣ በሌላው ሌላዋን ይዛ በቀጥታ ወደ ገደሉ ሄደች። በእናቷ አጭር እርምጃ ለካችው። "ሠላሳ አንድ" አለች። "እማዬ አልዋሸችም።"

ወንድሟ ላልቻን ከኩሚላ ጡብ ማቃጠያ ቀድሞን ገብቶ ነበር፤ ከሲታ፣ ረጅም፣ ለሁሉ ነገር ትከሻውን የሚነቀንቅ ሰው ነው። ካላንደሩን ስታሳየው ራሱን ያዘ።

"በአላህ ወንዝ ላይ ጠመኔ?" አለ። "ይቺን ቅዳሜ ንቀል የሚለውን ወንዙ ፈርሞበታል?"

"ወንዙን ተወው፤ አንተ ፈርም። ከዓርብ እስከ እሑድ መደብ፣ በመሀሉ ቅዳሜ ንቀላ—"

"ቅዳሜ ማንም ቤቴን አይነካም" አሉ እናትየው ከበሩ ላይ። ሁላችንም ዞርን። "ከዒዱ በፊት ጣራ ተነሥቶ እኔ በዓልን ሜዳ ላይ ላክብር? ሠላሳ ዓመት እዚህ በር ላይ ሰው ተቀብያለሁ። ዒዴን እዚሁ አከብራለሁ፤ ከዚያ ብትፈልጉ ከነእኔ ተሸከሙት።"

"እማ፣ ጨረቃ ከዘገየች እኮ ዒዱ ማክሰኞ ነው። ዓርብ ሲነጋ እንሄዳለን። ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚቀረን።"

"ጨረቃዋን ለእኔ አትንገሪኝ፤ እኔ አይደለሁም የምሰቅላት።"

አራት ዓርብ፣ ስምንት መቶ ሰው፣ አቶ ቶፋዛል፤ ያን ሁሉ ያሸነፈች ሴት እናቷ ፊት ስትቆም አሥራ ሁለት ዓመቷ ሆነ። ከዚያ ቅዳሜ ላይ በጠመኔ የጻፈችውን በመዳፏ አጠፋች።

"እሺ" አለች። "ቅርጫት አምጡ። መጀመሪያ አፈሩ።"

አዲሱ ቦታ ወደ ደሴቷ መሀል፣ ከድሮው ስድስት መቶ እርምጃ ይርቃል። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ አፈር ተሸከምን። ላልቻን ይቆፍራል፣ እኔና ኮሂኑር አፓ በራሳችን እንሸከማለን፣ ልጆቹ በእግራቸው ይጠቀጥቃሉ። ጾም ነው፣ ፀሐይ ነው፤ ቀኑ ግን የእኛ ነበር፣ ጥሩምባ የሚነፋብን የለም። እሑድ ማታ መደቡ እስከ ደረቴ ደረሰ። የደሴቷ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ቆመ። ደመና ነበር። አንዱ አየሁ አለ፣ አባቱ "ያየኸው የጀልባ መብራት ነው" አለው። በራዲዮም ጨረቃ አልታየችም ተባለ።

ላልቻን ትከሻውን ነቀነቀ። "በቃ፤ ሁለት ቀን። ለሦስት ሰው።"

"ለሦስት ሰው ማን አለህ?" አለች ኮሂኑር አፓ።

ሰኞ ማዕድ ቤቱንና የላሟን መጠለያ አዛወርን፤ ለእነሱ እናትየው ዒድ አልጠየቁም። ከሰዓት በኋላ ኮሂኑር አፓ ታጥባ፣ ሻሽዋን አስተካክላ ወደ ኢማሙ ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ኢማሙ ዓሣ መረብ እየጠገኑ ነበር።

"ነገ ከሶላት በኋላ በሚሰብኩት ኹጥባ ላይ አንድ ነገር እንዲናገሩልኝ ነው" አለቻቸው።

"ስለ ምን ልጄ?"

"ስለ እናቴ ቤት።"

ኢማሙ መረቡን ዝቅ አደረጉ። "በዒድ ኹጥባ ላይ ስለ ቆርቆሮ ላውራ?"

"ስለ ጎረቤት ያውሩ፤ ቆርቆሮውን እኔ አስባለሁ።"

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሣቁ።

በዒዱ ማግስት የሆነውን እንዳየሁት ልናገር። በበዓሉ ዕለት ኢማሙ ምን እንዳሉ እኛ ሴቶች አልሰማንም፤ እኛ በወተትና በስኳር የተቀቀለውን ቀጭን ፓስታ፣ ሴማዩን፣ ስናድል ነበር። የሰማነው ላልቻን ነግሮን ነው። "ዛሬ ከዳካም፣ ከቺታጎንግም ሁላችሁም እዚህ ናችሁ" ብለው ነበር። "ዓርብ ግን ማንም አይኖርም። ወንዙም ይህን ያውቃል።" ከዚያ ዱዓቸውን አደረጉ። በቃ።

ረቡዕ ሲነጋ ላልቻን ቀርከሃ ሊፈታ ወጣና ተመልሶ ገባ። ፊቱ ተለውጧል።

"ኮሂኑር፣ ነይ እዪ።"

በጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ ሰው ይመጣ ነበር። አምስት፣ አሥር፣ ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ትናንት የተለበሰው አዲስ ሸሚዝ ወልቆ፣ ሽርጡ ከጉልበት በላይ ታጥፎ። ሪክሾ ነጂው፣ ግንበኛው፣ እንደ እኛ ልብስ ሰፊ የሆኑ ወንዶች። አንዱ እየቀረበ "ኮሂኑር አፓ፣ ዓርብ የምታሠሪን መስሎን ፈርተን ነው ረቡዕ የመጣነው!" ብሎ ጮኸ። የአራቱ ዓርብ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል።

የቆርቆሮ ግድግዳዎቹ ፀሐይ ሳትወጣ ተፈትተው ተጫኑ። ጣራው ነበር የቀረው። ላልቻን ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ለመንቀል መሰላል አቆመ።

"አትንካው" አለች። "እንዳለ ይነሣል።"

"አብደሻል? ስድስት መቶ እርምጃ?"

"ስንት ሰው አለ? ቁጠር።"

ቆጠረ። ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለካ ስለ ጣራ ነው። ምሶሶዎቹ ከሥር ተቆረጡ፤ ሃምሳ ሁለት ሰው ጣራው ሥር ገባ። ላልቻን ከፊት ሆኖ "ሄዮ!" ሲል ጣራው ከመሬት ተነሣ፣ እግር ያለው እንስሳ ሆነ፣ መራመድ ጀመረ።

ግማሽ መንገድ ላይ ንፋስ ገባበት። በስተግራ ያለው ክንፍ ከሰዎቹ እጅ ላይ ብድግ አለ፤ ሁለት ሰው አብሮ ከመሬት ተነሣ። ሴቶች ጮኽን። ኮሂኑር አፓ ግን ፊት ለፊት ሮጣ "ወደ ንፋሱ አዙሩት! አፍንጫውን ወደ ንፋሱ! አሁን ቁጭ!" አለች። ዞረ፣ ተቀመጠ። ገመድ አሰሩበት፤ እኛ ሴቶች፣ ልጆቹ፣ ትናንት ዱዓ ያደረጉት ኢማም ሳይቀሩ ገመዱ ላይ ተንጠለጠልን። ሁለተኛ ሲነሣ አልተንቀጠቀጠም።

ቀትር ሳይሆን ጣራው በአዲሱ መደብ ላይ በአዲስ ምሶሶ ቆመ። ሐሙስ ግድግዳው ታሰረ፣ በሩ ገባ። የላልቻን እናት እስከዚያ ድረስ በድሮው መደብ ላይ ከወንበራቸው አልተነሡም ነበር፤ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ቤት በሌለበት በር ፊት ተቀምጠው። ኮሂኑር አፓ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ከቆይታ በኋላ ግን እናትየው ወንበሩን ራሳቸው አንሥተው፣ በአጭር እግራቸው ስድስት መቶውን እርምጃ እየቆጠሩ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

"በሩ ወደ ደቡብ ነው መዞር የነበረበት" አሉ። ከዚያ ገቡ።

ኮሂኑር አፓ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። መዳፎቿ ተልጠው ነበር። "አንቺ ልጅ" አለችኝ፣ "ስንት ቀን ቀረን?"

"ነገ ሲነጋ ነው ጀልባው።"

"ይበቃል" አለች።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ በማሽናችን ላይ ነበርን። በእኛ መስመር ከሠላሳ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ ሞልቶ ነበር፤ የቀረችው አንዷ አሥሩን ቀን ልትተኛ የሄደችው ናት፣ እሑድ መጣች። አቶ ቶፋዛል በመሀላችን አለፉ፣ ማሽኖቹን በዓይናቸው ቆጠሩ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። ለእሳቸው ይህ ምርቃት ነው።

በሐምሌ ወንዙ መጣ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛው ግን ሲወስድ ይጮኻል፣ እንደ መድፍ ነው። የላልቻን እናት በምሳ ሰዓት ደወሉ፤ ኮሂኑር አፓ ድምፁን ለእኔም እንዲሰማ ከፈተችው።

"የድሮው መደብ ዛሬ ጠዋት ሄደ" አሉ።

"አንቺ የት ነበርሽ?"

"ቆሜ እያየሁ። ሦስት ጊዜ ጎረሰና ጨረሰው። የማንጎውን ዛፍም።"

"አለቀስሽ እማ?"

"ለምን አለቅሳለሁ? ባዶ አፈር ነው የበላው፤ ያልቅስ ከተባለም እሱ ነው ማልቀስ ያለበት።" ከኋላቸው ልጆቹ ሲንጫጩ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማል። "ይልቅ ስሚኝ፤ እዚህ ያለው የጉድጓድ ውሃ ብረት ብረት ይላል። ሻዩን እንደ ቀለም ያጠቁረዋል። አሥር ቀን ሙሉ ስትቆጥሪ ይህን እንዴት ሳታስቢው ቀረሽ?"

ኮሂኑር አፓ ከት ብላ ሣቀች፤ ፎቁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ።